የግራ እግር ታኮ

ባሌ የሰው ፊት አያይም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ጉንጬ ላይ ያለው ምልክት በየትኛው በኩል እንደሆነ ብትጠይቁት ይንተባተባል። የሠርጋችን ቀን ያደረግኩት ጫማ የቱ ጋ ተልጦ እንደነበር ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ምን ላድርገው፣ ጫማ ሰፊ ነው! ሰፈሩ «መዶሻው» ይለዋል። እኔም ሲያናድደኝ መዶሻው እለዋለሁ፤ ካላናደደኝ የልጄ አባት ነው።

የሥራ ቦታው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ያለች፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት ክፍል ናት። ውስጧ አንድ በርጩማ፣ ጫማ የሚደፋበት የብረት እግር፣ የማስቲሽ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ጉጠትና ወስፌዎች አሉ፤ ሌላ የምታስቀምጡበት ቦታም የላት። ደረጃውን የሚወርድ ሁሉ ከባሌ ራስ በላይ ስለሚያልፍ፣ ማን እንደወረደ ሳያይ ያውቃል። «ፎቁ ላይ የምትሠራዋን ጸሐፊ ዛሬ አሟታል» ይለኛል ማታ ሲመጣ። በማግስቱ ስጠይቅ እውነትም አሟት ከሥራ ቀርታለች።

አንድ ጠባይ ደግሞ አለው። የሰው ጫማ ታኮ ሲቀይር ያወጣውን አሮጌ ታኮ አይጥልም፤ በወረቀት ጠቅልሎ ከጫማው ጋር ለባለቤቱ ያስረክባል። ወጣት ሳለ አንድ ደንበኛ «ቀለም ቀባኸው እንጂ መች ቀየርከው!» ብሎ በሰው ፊት ሌባ አድርጎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያወጣሁትን ሳላስረክብ ጫማ አልሰጥም» ብሎ ማለ። ሰዉ ታዲያ ወረቀቱን ከበሩ ሳይርቅ ይጥለዋል፣ እሱ ደግሞ እየለቀመ ቤት ያመጣል። አልጋችን ሥር ሦስት ቆርቆሮ ሙሉ ያለቀ ታኮ አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? «ባለቤቶቹ ቢመጡስ?» ይለኛል። «ላለቀ ታኮ ማን ይመጣል፣ አንተ ሰውዬ? ጤና የለህም እንዴ!» እለዋለሁ። በዚህ ነገር ያልተጨቃጨቅንበት ዓመት የለም።

አንዲት ልጅ አለችን። ውጭ አገር፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። አምና «ኑና ሁለት ወር ከእኔ ጋር ሁኑ» ብላ ትኬት ላከችልን። ሻንጣውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። «መዶሻ የለም፣ ወስፌ የለም። ልጃችንን ልንጠይቅ ነው የምንሄደው» አልኩት። «እሺ» አለ። ቶሎ እሺ ሲል መጠርጠር ነበረብኝ! የሰው አገር አየር ማረፊያ ደርሰን ፈታሹ ሻንጣችንን ሲከፍት፣ ከአንዱ ካልሲ ትንሽ መዶሻ፣ ከሌላው ካልሲ ጉጠት፣ ከተጣጠፈው ሸሚዝ ውስጥ ደግሞ የጎማ ታኮ ከነሚስማሩ እየጎተተ አወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፈታሹ መዶሻውን አንስቶ አፈጠጠብን። ቋንቋ የለን፣ ምን እንበል? ባሌ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው! የራሱን ጫማ አውልቆ ገለበጠና አሳየው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የፈታሹን ጫማ አየ፤ የቀኙን ታኮ በጣቱ አመለከተና ከንፈሩን መጠጠ። ሰውየው እግሩን አንስቶ ቢያይ፣ ለካስ ሚስማሩ ወጥቶ ኖሯል። በሳቅ ፈረሰ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየጠበቀ ባሌ እዚያው ተንበርክኮ ኳ ኳ አድርጎ መታለት፣ እኛም በሰላም አለፍን።

«አየሽ፣ እግር ያለው ሰው ሁሉ ቋንቋዬን ይችላል» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

የልጃችን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ወለል ላይ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው፣ የእሷና የጎረቤቷ። እንደደረስን ሶፋው ላይ አስቀምጣን ደንቡን አንድ በአንድ ነገረችን። ደረጃ ላይ ጮክ ተብሎ አይወራም። የሚወርድ ሰው ለሚወጣው ቆሞ ያሳልፋል። ሰላምታ በአንገት ነው። ጫማ ከበር ውጭ፣ ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ይወልቃል። ሳይጠሩ የሰው በር አይንኳኳም።

«ጨው ሲያልቅብሽስ?» አልኳት።

«ሱቅ እሄዳለኋ፣ እማዬ።»

«ሲያምሽስ?»

«ይልቅ ስሙኝ» አለች። «ይህን ቤት የያዝኩት ለአንድ ዓመት በሙከራ ነው። ዓመቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሞላል። ያን ጊዜ ቋሚ የሚሆንልኝ፣ እዚህ ወለል ላይ ያለ ጎረቤት ‹ከእሷ ጋር መኖር እፈልጋለሁ› ብሎ ከፈረመልኝ ብቻ ነው። የሕንፃው ሕግ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ አንዲት አሮጊት ብቻ ናት። እሷ ካልፈረመች እወጣለሁ።»

ልጄ በአራት ዓመት ስድስት ቤት ቀይራለች። ከማታውቀው ሰው ጋር ክፍል ተጋርታ፣ ልብሷን ከሻንጣ ሳታወጣ የከረመችበት ጊዜ አለ። እዚህ ግን መስኮቷ ላይ በሦስት ጣሳ አበባ ተክላለች፤ የእኔና የአባቷን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። ግድግዳዋን በዓይኗ ስትዳብሰው አይቼ አንጀቴን በላችው።

አባቷ ግን «ሴትዮዋ ምን ዓይነት ጫማ ነው የምታደርገው?» አለ።

«አባዬ!» አለች።

ጎረቤትየዋን በማግስቱ ደረጃ ላይ አገኘኋት። ግራጫ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ሴት ናት፤ በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ግራ እግሯንም ትንሽ ትጎትታለች። ቆሜ አሳለፍኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ ነቀነቅኩ። በሌላው ቀን ነቀነቀች፣ ነቀነቅኩ። በዚያ ሰሞን አንገቴ የሠራውን ያህል ምላሴ ቢሠራ ኖሮ ሕንፃውን ሁሉ ዘመድ አድርጌው ነበር! ባሌ ግን አልተቸገረም። የደብዳቤ አዳይዋን የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ እታች በሩ ላይ ቆሞ ሰፋላት፤ ከዚያ ወዲህ ባየችው ቁጥር እጇን ታውለበልብለታለች። አውቶቡስ ላይ ደግሞ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች እግር በተራ እያየ «ይሄኛው ቆሞ ነው የሚውለው፣ ያቺ አዲስ ጫማ ገዝታ ተጸጽታለች» እያለ በጆሮዬ ይነግረኛል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ዕረፍት ነሳው። ከጎረቤትየዋ በር ውጭ፣ መደርደሪያዋ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ የወንድ ጫማ አለ። ቡናማ ነው፣ ቆዳው ምን የመሰለ! ታኮው ግን አልቋል፤ በተለይ የግራው በውጭ በኩል ተበልቶ ጫማው ዘመም ብሎ ነው የሚቆመው። ጠዋት እናየዋለን፣ ማታ አይኖርም። ባለቤቱን አይተነው አናውቅም፤ በሌላ ጫማ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ የሚገባ መሰለን። ባሌ በወጣ በገባ ቁጥር አጠገቡ ይቆማል።

«እንዲህ ያለ ቆዳ ሜዳ ላይ ሲቀር! ሰውየው በዚህ ሲሄድ ወገቡን ያመዋል እኮ።»

«ይመመው። ያንተ ጫማ አይደለም፣ ና ግባ!»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ልጄ ሥራ ሄዳለች፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ልብስ አጥባለሁ። ባሌ በረንዳ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ፀሐይ እየሞቀ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጉድ የሚሠራው ጉልበቱ ላይ ፎጣ አጥፎ፣ መዶሻው እንዳይሰማ አድርጎ ነው።

በድንገት ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። እዚያ ደረጃ ላይ የሰው ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ሴትዮዋ ባዶውን መደርደሪያ በእጇ እየዳበሰች ትጮኻለች። የሕንፃው ጠባቂ መጥረጊያውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። ዘወር ስል ባሌ ቡናማውን ጫማ፣ እንደ መስተዋት አብለጭልጮት፣ በሁለት እጁ ይዞ ከበረንዳ ይመጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሠራህ?»

«ታኮ ቀየርኩ። ቀለምም ቀባሁት። አያምርም?» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ልይዘው ስል በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሴትዮዋ ጫማውን ከእጁ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ትንፋሿ እስኪመለስ እንደዚያ ቆየች። ባሌ አጠገቧ ቆሞ ምስጋናውን ይጠብቃል! ቀስ ብላ ገለበጠችው። ጣቷን በግራው ታኮ ላይ አሳለፈች፤ ቀጥ ያለ፣ አዲስ፣ ምንም ያልተበላ ታኮ። ፊቷ ተለዋወጠ። ባሌን ቀና ብላ አይታ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። የቃሉን ትርጉም አላወቅኩም፣ ሆዴ ግን ገባው። ገብታ በሩን በቀስታ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ልጄ አሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ ጠባቂው እታች ነግሯት ኖሮ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አባዬ! ጫማውን ጠዋት ታወጣዋለች፣ ማታ ታስገባዋለች። ጠባቂው እንኳ ወለሉን ሲወለውል አይነካውም፣ ዙሪያውን ነው የሚዞረው!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«የሰው ጫማ አትውሰዱ ብዬ መንገር ነበረብኝ?»

እውነቷን ነው። ከዚያ ልጄ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «ስምንት ቀን ነው የቀረኝ» ብላ አለቀሰች።

ባሌ ኩም አለ። እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ጨምሮ መዳፎቹን ያያቸዋል። ሰደብኩት። ብላ አልኩት፣ አልበላም። በኋላ ቀስ ብሎ «ለእኔ ያለቀ ታኮ ነበር» አለ። «እሷ ስትጠብቅ የኖረችው አረማመዱን ነው። እሱን ነው በጉጠት የነቀልኩባት።»

እንዲህ ሲል ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ድንገት ትዝ ሲለኝ ደግሞ ብድግ አልኩ።

«አሮጌውን ታኮ የት አደረግከው?»

እጁን ወደ ሸሚዙ ኪስ ሰደደና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሁለቱም አሉ፤ የቀኙም፣ ዘመም ብሎ የተበላው የግራውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተጨቃጨቅኩበትን ጠባዩን ያን ጊዜ ግንባሩ ላይ ሳምኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ከጎረቤትየዋ በር ፊት ቆምን። ልጄ «ሳይጠሩ አይንኳኳም ብያችሁ የለም?» ብላ ወደ ኋላ ትጎትተናለች።

«ሳይጠሩ ጫማ ተወስዶ የለ! በር ማንኳኳት ነው አሁን የቸገረን?» አልኳትና እኔው አንኳኳሁ።

በሩ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። ባሌ ጋዜጣውን መዳፉ ላይ ዘረጋላት። ሴትዮዋ ታኮዎቹን አየች። እጇን አወጣችና የግራውን ነካችው።

«ጠይቂልኝ» አለ ባሌ ለልጁ። «ባለቤቷ በቀኝ ክንዱ ሰው ደግፎ ነበር ወይ የሚሄደው? ብዙ ዓመት?»

«አባዬ፣ በናትህ አሁን ይሄ...»

«ጠይቂ አልኩሽ።»

ጠየቀች። ሴትዮዋ ታኮውን አየች፤ ቀጥሎ ደግሞ የራሷን ግራ እግር አየች። ከዚያ ተናገረች። ልጄ ተረጎመችልን።

«እሷን ነበር። መኪና ከገጫት ወዲህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።»

«በያት እንግዲህ» አለ ባሌ፣ «ሰው በቀኙ የሰው ክብደት ሲይዝ ገላውን ወደ ግራ ይጥላል፤ ታኮው በውጭ በኩል የሚበላው ያን ጊዜ ነው። ይህን ታኮ እሱ ብቻውን አልጨረሰውም። ሁለቱ አብረው ነው የጨረሱት። አጥፍቻለሁ፣ እንደነበረ ልመልሰው በያት።»

በሩ ተከፈተ።

ቤቷ ከልጄ ቤት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ግን ሁሉ ነገር ለሁለት ሰው እንደተቀመጠ አለ። መስኮቱ ሥር ሁለት ወንበር፣ መስቀያው ላይ ሁለት ካፖርት። ባሌ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አዲሶቹን ታኮዎች በጉጠት ነቀለ። አሮጌዎቹን በዚያው በድሮው ቀዳዳቸው፣ እንደዘመሙ መታቸው። «አርባ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ መጥፎ ሥራ ሠርቼ አላውቅም» እያለ ያጉረመርማል። ልጄ ስትተረጉምላት ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ጠረግኩ፣ ምን ይደረግ። ባሌ ጫማውን ወለሉ ላይ ሲያቆመው እንደ ቀድሞው ወደ ጎን ዘመም አለ። እሷም ራሷን ነቀነቀች፣ አዎ ነው።

ልንወጣ ስንል ያ የማይማር ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው! የነቀላቸውን ሁለት አዲስ ታኮዎች በዚያው ጋዜጣ ጠቅልሎ አስረከባት። ያወጣውን ሳያስረክብ የት ሊሄድ! ግራ ገብቷት ተቀበለችው።

ስለ ፊርማው ማንም ያነሳ የለም። «አፈርኩ፣ በዚያ ሰዓት እንዴት ልጠይቃት?» አለች ልጄ። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደ በፊቱ አንገት መነቅነቅ ነው። ቀኑ ግን ይሄዳል። ልጄ ሁለት ካርቶን አምጥታ ጥግ ላይ አስቀመጠች፤ ምን እንደሚገባባቸው አልጠየቅናትም። የአበባ ጣሳዎቿን ከመስኮቱ አውርዳ መልሳ አስቀመጠቻቸው። እኔ ሌት ተቀን በልቤ እግዜርን ስለምን ከረምኩ፤ ባሌም ጉጠትና መዶሻውን ካልሲው ውስጥ መልሶ ከቷቸዋል።

የሙከራው ዓመት በሚሞላበት ቀን ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ልትወጣ በሩን ስትከፍት ቆም አለች። መደርደሪያችን ላይ፣ ከእኛ ጫማዎች ጎን፣ የማናውቀው ጥቁር የሴት ጫማ ተቀምጧል። ትንሽ ነው፣ የሁለቱም ታኮ አልቋል። በቀኙ ውስጥ ያ ጋዜጣ አለ፣ ሁለቱ አዲስ ታኮዎች እንደተጠቀለሉ። በግራው ውስጥ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት።

ልጄ ወረቀቱን ዘርግታ ስታየው፣ የደረጃውን ደንብ ሁሉ ረስታ እልል አለች። ያን ድምፅ እታች ያለው ጠባቂ ሳይሰማው አይቀርም። አሮጊቷ ፈርማለች! ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ። አባቷ ወረቀቱን ዞር ብሎ አላየውም። ታኮዎቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ያገላብጣቸዋል።

«ለባሏ የመታሁትን ለእሷ ምታልኝ ነው የምትለው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ለሴት ጫማ ሰፊ ነው፣ በቢላ እከፍተዋለሁ። ይሆናል።»

እጁን ወደ ጥቁሩ ጫማ ሰደደ። መሀል ላይ ግን መለሰው። ሄዶ የጎረቤትየዋን በር አንኳኳ። ስትከፍት በጣቱ ወደ ጫማዋ አመለከተና፣ አንዱን ጡጫውን በሌላው ላይ ኳ ኳ አድርጎ ዓይን ዓይኗን አየ። ባሌ የሰው ፊት ቀና ብሎ ሲያይ ያን ቀን አየሁት። እሷም አንገቷን ነቀነቀችለት።

ከሰዓት በፊት ጨረሰው። የእሷን ያለቁ ታኮዎች በወረቀት ጠቅልሎ አስረከባት፤ ተቀብላ ግራጫ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ባሌ በራችን ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደታች ጣል አድርጎ እስከ መጨረሻው ደረጃ አዳመጣት።

ቤታችን ከተመለስን ወራት አልፈዋል። ያለቁት ታኮዎች አሁንም አልጋችን ሥር ናቸው፤ በቅርቡ አራተኛ ቆርቆሮ ጨምሯል። አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ።